የሚመልሰው ማን ነው? የከርነል ሜሞሪ ግድፈቶችና ጥገናቸው፣ ከአዳማ ሲታዩ

ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ ሻሸመኔ በሚገባው መንገድ፣ በአብዛኛው ሰው ኪስ ውስጥ ሊኑክስ አለ። የስልኩ ባለቤት ስሙን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ግን ከመተግበሪያዎቹ ሥር ሆኖ ሜሞሪውን፣ ባትሪውን፣ ካሜራውንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ከርነል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመሩት፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመር አለው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ የመቂ ሽንኩርት ዋጋም፣ የአዳማ ባጃጅ ሒሳብም፣ የቤት ኪራይም በዚህ ኮድ ላይ ያልፋል። ስለዚህ የከርነል ሜሞሪ ግድፈት የሩቅ አገር ኢንጂነሮች ጉዳይ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

ሜሞሪ ወስዶ መመለስ ቀላል ይመስላል። ታዲያ ከ30 ዓመት በላይ ለምን አልተፈታም? መሣሪያዎቹን፣ የታወቁትን ግድፈቶችና የጥገናውን ልማድ አንድ ላይ ሳያቸው መልሱ ባለቤትነት ላይ ያርፋል። ግድፈቱ የሚያድረው «ይህን የሚመልሰው ማን ነው?» ሲባል ሁለት መልስ ባለበት ወይም ጭራሽ መልስ በሌለበት ቦታ ነው። በአንድ ፈንክሽን ውስጥም፣ ጥገናው በሚገመገምበት ጊዜም፣ ጥገናው ወደ ስልክ በሚወርድበት መንገድም ያው ነው።

ተራ መተግበሪያ ሜሞሪ ሳይመልስ ቢዘጋ ከርነሉ ከኋላው ያጸዳለታል። ከርነሉ ራሱ የወሰደውን ግን የሚያጸዳለት የበላይ የለም፤ የተረሳው ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ እንደተረሳ ይኖራል። ኮዱ በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ስለሆነ ቋንቋውም አያግዝም። ሜሞሪ በኬማሎክ የጠየቀ ፕሮግራመር በኬፍሪ መመለሱን ማስታወስ ያለበት ራሱ ነው።

የእድር ዕቃ ቤትን ማሰብ ሦስቱን የግድፈት ዓይነቶች ለመለየት ይረዳል። ወንበር ወስዶ የማይመልስ አባል ዕቃ ቤቱን ቀስ በቀስ ባዶ ያስቀረዋል፤ ይህ የሜሞሪ መፍሰስ ነው። አንዱን ወንበር መልሶ ካስመዘገበ በኋላ ያንኑ ወንበር በሌላ ቀን ዳግም «መልሻለሁ» ብሎ ቢያስጽፍ፣ ዕቃ ጠባቂው አንዱን ሁለት አድርጎ ይቆጥርና ለሁለት ለቅሶ ቤት ይፈቅደዋል፤ ይህ ሁለት ጊዜ መመለስ ነው። የባሰው ሦስተኛው ነው፦ የመለሰውን ወንበር አሁንም የራሴ ነው ብሎ፣ ሌላ ሰው ከወሰደው በኋላ ሄዶ የሚቀመጥበት። በከርነል ቋንቋ ይህ ከመለሱ በኋላ መጠቀም ነው። አጥቂዎች የሚፈልጉት በተለይ ይህንን ነው፤ ያ የሜሞሪ ቦታ አሁን ለሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ፕሮግራም መብት ለሚመዘገብበት መዋቅር፣ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በአሮጌው ፖይንተር፣ ማለትም የቦታውን አድራሻ በያዘው፣ የሚጻፈው ነገር እንግዲህ ያንን መብት ይለውጣል። ተራ መተግበሪያ የስልኩ ጌታ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ግድፈቶቹ በኮዱ ውስጥ እኩል አልተበተኑም፤ የሚከማቹት በክሽፈት መንገድ ላይ ነው። አንድ ድራይቨር ሥራ ሲጀምር ብዙ ነገር በተከታታይ ይወስዳል፦ ለራሱ መዋቅር ሜሞሪ፣ ለመረጃ ማስተላለፊያ በፈር፣ ክሎክ፣ የኢንተራፕት መስመር፣ በመጨረሻም በሥርዓቱ ውስጥ ይመዘገባል። አራተኛው ቢከሽፍ ከሦስተኛው ጀምሮ ወደ ኋላ፣ በተወሰደበት ግልባጭ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም መመለስ አለበት። የከርነል ጸሐፊዎች ይህን የሚያደርጉት ጎቱ በተባለው የመዝለያ ትእዛዝ ነው። በክፍል ውስጥ «አትንኩት» የሚባለው ጎቱ እዚህ የተከበረ ልማድ ነው፤ በፈንክሽኑ ግርጌ የመመለሻ ምልክቶች ይደረደራሉ፣ የከሸፈው እርምጃም ወደሚገባው ምልክት ይዘላል። በጥንቃቄ ሲጻፍ ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው በመሃል አንድ አዲስ እርምጃ ሲጨምር ነው። ምልክቶቹን ማስተካከል ይረሳል፣ ወይም ጎቱ ማለት ሲገባው በቀጥታ ሪተርን ይላል። ያኔ ከዚያ በላይ የተወሰደው ሁሉ ባለቤት አልባ ይቀራል። ኮዱ ይሠራል፣ ድራይቨሩ ይነሳል፣ ማንም አያውቅም።

የማይታወቅበት ምክንያት ደግሞ ከርነሉ ራሱ ነው። በሊኑክስ ተራ ጥያቄ እስከ 8 ፔጅ (ፔጁ 4 ኪሎባይት ሲሆን 32 ኪሎባይት) ከሆነ፣ ከርነሉ ሜሞሪ እስኪያገኝ ደጋግሞ ይሞክራል እንጂ «የለም» ብሎ አይመልስም ማለት ይቻላል። የሜሞሪ ክፍሉ ሰዎች በ2014 መጨረሻ ይህን በግልጽ ሲከራከሩበት ብዙ የከርነል ጸሐፊዎች ደንግጠዋል። በሺዎች ቦታ «ሜሞሪ ባይገኝ» ተብሎ የተጻፈው ኮድ በተግባር ተፈትኖ አያውቅም ማለት ነውና። መድኃኒቱ ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ክሽፈትን ሆን ብሎ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ኬማሎክን በዘፈቀደ እንዲከሽፍ ያደርገዋል። በኔ ግምት ከሥራው ያነሰ አድናቆት ያገኘ መሣሪያ ቢኖር ይህ ነው። የክሽፈት መንገድ የሚፈተነው መንገዱን በመሄድ ብቻ ነው፤ ማንበብ ብቻ አይበቃም።

«ትንሽ ሜሞሪ ቢፈስ ምን ይጎዳል? ስልኩ ስታክ ሲያደርግ ሪስታርት ማድረግ ነው» የሚል ይኖራል። በጥር 2016 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2016-0728 የተባለ የደህንነት ግድፈት ለዚህ በቂ መልስ ነው። ከርነሉ ብዙ ተጠቃሚ ያለውን ነገር የሚያስተዳድረው በቆጠራ ነው፤ የያዘ ቁጥሩን በአንድ ይጨምራል፣ የለቀቀ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ ሜሞሪው ይመለሳል። በከርነሉ የምስጢር ቁልፎች ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አንድ ፕሮግራም ቀድሞ የያዘውን ማስቀመጫ ዳግም ልያዝ ሲል፣ በአንዱ የመውጫ መንገድ ላይ የተጨመረው ቁጥር ሳይቀነስ ይቀር ነበር። እያንዳንዱ ጥሪ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያፈሰው። ቆጣሪው ግን 32 ቢት ነው፤ ከ4 ቢሊዮን በላይ ጊዜ ሲደጋገም ዞሮ ዜሮ ይሆናል። ከርነሉም «ተጠቃሚ የለውም» ብሎ ሜሞሪውን ይለቃል፣ ፕሮግራሙ ግን ይዞታል። ፐርሴፕሽን ፖይንት የተባለው ኩባንያ ይህን በተራ ኮምፒውተር ላይ በግማሽ ሰዓት ገደማ አድርጎ አሳየ። ግድፈቱ ከ2013 ጀምሮ በ3.8ና ከዚያ በኋላ ባሉት እትሞች ውስጥ ነበር። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ የተረሳው መቀነሻ።

ከዚያ የተገኘው ትምህርት በ2017 በ4.11 እትም አዲስ ዓይነት ቆጣሪ አስገባ፤ ሲሞላ ዞሮ ዜሮ ከመሆን ይልቅ ጣሪያው ላይ ይቆማል። ያ ነገር ከዚያ በኋላ ለዘላለም አይመለስም፣ ይፈሳል፤ ነገር ግን በሌላ ሰው እጅ አይገባም። ከሁለት ጥፋት ትንሹን በግልጽ መምረጥ ነው፣ የበሰለ ውሳኔ ይመስለኛል።

ወደ ጥገናው ስልቶች ስንመጣ፣ ሁሉም አንድ ነገር ያደርጋሉ፦ «ማን ይመልሳል» የሚለውን ጥያቄ ከፕሮግራመሩ ትውስታ አውጥተው ለሌላ ይሰጡታል። ጥያቄው ለማን መሰጠቱ ትክክል ነው የሚለው ነው የሚያከራክረው።

የከርነል ጸሐፊው ቴጁን ሄዎ በ2007 ያስገቡት ዴቭም የሚባለው ስልት መልሱን ለመሣሪያው ሰጠው። ድራይቨሩ ሲወስድ «ይህ የዚህ መሣሪያ ነው» ብሎ ያስመዘግባል፤ መሣሪያው ሲነቀል ወይም አጀማመሩ ሲከሽፍ ሁሉም በግልባጭ ቅደም ተከተል በራሱ ይመለሳል። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጎቱዎችን አጥፍቷል። ነገር ግን ሌላው የከርነል ጸሐፊ ሎራን ፓንሻር በ2022 በደብሊን በተካሄደው የሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ላይ ጠንካራ ክስ አቀረቡበት። በዩኤስቢ የተሰካ ካሜራን አንድ መተግበሪያ ከፍቶ እየቀረጸ ሳለ ገመዱ ቢነቀል፣ ዴቭም መሣሪያው ሄደ ብሎ ሜሞሪውን ይመልሳል፤ መተግበሪያው ግን ፋይሉን ገና አልዘጋም። ሲነካው ከመለሱ በኋላ መጠቀም ይሆናል። ስልቱ መመለሱን አልረሳም፣ የተሳሳተውን ባለቤት ነው የመረጠው። እውነተኛው ባለቤት ፋይሉን የከፈተው የመጨረሻው ሰው ነበር።

በ2023 የከርነል ጸሐፊው ፒተር ዛይልስትራ በ6.5 እትም ያስገቡት ስልት ደግሞ መልሱን ለቅንፉ ይሰጣል። ተለዋዋጩ የተወለደበት ቅንፍ ሲዘጋ ሜሞሪው በራሱ ይመለሳል፤ ሥራው ከተሳካና ሜሞሪው እንዲቆይ ከተፈለገ ባለቤትነቱ በግልጽ ቃል ይተላለፋል። በኔ ዓይን ትልቁ ጥቅሙ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ርክክቡ በኮዱ ላይ ተጽፎ ይታያል። ያም ሆኖ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ከጎቱ ጋር መደባለቁ አዲስ ግድፈት እንደሚወልድ የከርነሉ ሰነድ ያስጠነቅቃል፣ የኔትወርክ ክፍሉ ጠባቂዎችም የሚሠራ አሮጌ ኮድን በጅምላ ወደዚህ መቀየርን አይወዱም። ልክ ናቸው።

ረስት፣ በ2022 መጨረሻ በ6.1 እትም የገባው ሁለተኛ ቋንቋ፣ ባለቤትነትን የሰዋስው ሕግ አድርጎታል፤ የመለሱትን መጠቀም ኮምፓይለሩ አያሳልፍም። ጉግል እንዳለው በአንድሮይድ ከተገኙት የደህንነት ግድፈቶች የሜሞሪዎቹ ድርሻ በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል፤ ዋናው ምክንያት አዲሱ ኮድ እንደ ረስት ባሉ ቋንቋዎች መጻፉ ነው። ያ ግን የመላው አንድሮይድ ቁጥር ነው። በባቱ ዓሣ ሻጭ ስልክ ውስጥ ያለው ከርነል በሲ የተጻፈ ነው፣ ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ይቆያል።

ግድፈቱን ፈልገው የሚያገኙ መሣሪያዎችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሰነዳቸው ሞልቷል። ኬሜምሊክ ከ2009 ጀምሮ ፖይንተር የጠፋበትን ሜሞሪ ይፈልጋል። ኬሳን ከ2015 ጀምሮ የተመለሰን ሜሞሪ የነካውን እጅ ከፍንጅ ይይዛል። ሲዝቦት ከ2017 ጀምሮ ሌት ተቀን ከርነሉን በዘፈቀደ ጥሪዎች ይደበድባል። ኮክሲኔልና ስማች ኮዱን ሳያሠሩ ያነባሉ። ከነዚህ ሁሉ የሚማርከኝ በ2013 ሱማን ሳሃ፣ ጁሊያ ላዎልና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ሄክተር ነው። መሣሪያው ስለ ከርነሉ ምንም ሕግ አልተነገረውም፤ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ አንዱ የክሽፈት መንገድ የሚመልሰውን ሌላው ካልመለሰ ይጠረጥራል። በዚህ ብቻ በሊኑክስና በሌሎች ሲስተሞች ከ300 በላይ ግድፈት አገኘ። የፈንክሽኑ ጸሐፊ ማን መመለስ እንዳለበት ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በአንዱ መንገድ ጽፎታል፣ በሌላው ረስቶታል።

መሣሪያ ግን ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፣ እዚህ ላይ ነው የጥገናው አደጋ የሚጀምረው። አንድ ተማሪ ስማች የጠቆመውን አይቶ፣ ዲቫይስ ሬጂስተር የተባለው ጥሪ በከሸፈበት ቦታ ኬፍሪ ቢጨምር ትክክል የሠራ ይመስለዋል። የከርነሉ ሰነድ ግን ያንን ፈንክሽን ከጠሩ በኋላ፣ ቢከሽፍ እንኳ፣ በቀጥታ መልቀቅን አጥብቆ ይከለክላል። ከጥሪው ጀምሮ ባለቤቱ ቆጣሪው ነው፤ መጠራት ያለበት ቆጣሪውን የሚቀንሰው ፑት ዲቫይስ ነው። የተማሪው ስህተት እዚህ ከመፍሰስ ወደ ሁለት ጊዜ መመለስ ሊያሸጋግር ይችላል፣ ማለትም ከቀላል ወደ ከባድ።

የጥገና ግምገማው ድክመት በ2021 በአደባባይ ወጣ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥገና መስለው ከመለሱ በኋላ መጠቀምን የሚያስገቡ ፓቾችን (የኮድ ለውጦችን) ሆን ብለው ልከው፣ ገምጋሚዎች ይይዟቸው እንደሆነ ፈተኑ። የመረጡት ሽፋን አነስተኛ የክሽፈት መንገድ ጥገና ነበር፤ ገምጋሚ ቶሎ የሚያልፈው እርሱን ነውና። በሚያዝያ ወር ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆኑት ግሬግ ክሮሃ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ሥራን አገዱ፣ ጥናቱም ሊቀርብበት ከነበረው ጉባኤ ተነሳ። ድርጊቱ የፈቃደኞችን እምነት መበደል ነበር፣ እገዳውም ይገባዋል። ከክርክሩ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ግን ኋላ የተደረገው ምርመራ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በዓመታት የመጡ 435 ፓቾች እንደገና ተነበቡ። 349ኙ ትክክል ሆነው ተገኙ፣ 39ኙ ግን ስህተት ያለባቸውና መታረም የሚገባቸው ነበሩ። እነዚህ በቅን ልብ የተላኩ ናቸው። ጥገናን ማረም እንደ ጥገናው ያህል ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ጥገናው ትክክል ሆኖ ተቀባይነት ካገኘ በኋላስ? እዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነገር ጎልቶ ይመጣል። በኅዳር 2017 ሲዝቦት በባይንደር ውስጥ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ድራይቨር፣ ከመለሱ በኋላ መጠቀምን አገኘ። አንድ የሥራ ክር ሲወጣ መዋቅሩ ይመለሳል፤ ኢፖል የተባለው ሌላ ክፍል ግን በመዋቅሩ ውስጥ ያለውን የመጠበቂያ ሰልፍ አሁንም ይዞታል። በየካቲት 2018 ተስተካከለ። ማስተካከያው ግን የደህንነት ቁጥር አልተሰጠውም፣ በወርሃዊው የአንድሮይድ ማስታወቂያም አልወጣም፣ ስለዚህ ብዙ ስልኮች ሳይቀበሉት ቀሩ። በመስከረም 2019 መጨረሻ የጉግሏ ማዲ ስቶን ግድፈቱ በእውነተኛ ጥቃት ላይ እየዋለ መሆኑን አስታወቁ፤ ሲቪኢ-2019-2215 የተባለው ያኔ ነው። ከተጠቁት መካከል በአገራችን ገበያ የታወቁት ሳምሰንግ ኤስ7፣ ኤስ8ና ኤስ9 ነበሩ። ኮዱ ከተስተካከለ ከአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ አልፎ ነበር። ከርነሉን የጻፈው «አስተካክያለሁ» ይላል፣ ቺፑን የሠራው የራሱን ቅጂ ይዟል፣ ስልኩን የሸጠው ወደ አዲሱ ሞዴል ተሸጋግሯል።

ክፍተቱ አሁንም አልጠበበም። የከርነሉ ጠባቂዎች የረጅም ጊዜ እትሞችን ድጋፍ ከ6 ዓመት ወደ 2 ዓመት ለማውረድ መወሰናቸውን በ2023 አስታውቀዋል፤ የ4.14 እትም ድጋፍ በጥር 2024፣ የ4.19 በታኅሣሥ 2024 አብቅቷል። በእነዚህ እትሞች ላይ የተሠሩ ርካሽና ያገለገሉ ስልኮች ዛሬም ይሸጣሉ። በአዳማ ስልክ የሚገዛ ሰው ካሜራውንና ባትሪውን ይመረምራል። ከዚያው ላይ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፍቶ የከርነሉን ቁጥርና የመጨረሻውን የደህንነት ማሻሻያ ቀን ቢያይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቀኑ ሦስት ዓመት ካለፈው፣ በዚያ ስልክ ቴሌብር መክፈት ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። ፍላሽ የሚያደርጉ ጥገና ቤቶችም አሮጌ ፋይል ሲጭኑ ስልኩን ወደ ጥንቱ ግድፈት እየመለሱት መሆኑን ለደንበኛው ሊነግሩት ይገባል።

ሁለተኛው የአዳማ ድርሻ በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። በ1993 የናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ ከ2011 ወዲህ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም የኮምፒውተር ሳይንስና ምሕንድስና ተማሪዎች አሉት። በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ መሠረትን፣ ዳታ ሳይንስንና አንድሮይድን ያስተምራል፤ ከመተግበሪያው ሥር ያለውን አይነካም። ከርነሉ ግን ክፍት ነው፣ የሥራ ቪዛ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ ታሪኩን ሳይጨምር የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ማውረድ የዳታ ወጪውን በብዙ ይቀንሳል፣ ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ አነስተኛ ከርነል ኮምፓይል አድርጎ ኪውኢሙ በተባለው ምናባዊ ማሽን ማስነሳት ይበቃል፣ ፓቹ በተራ ኢሜይል ይላካል። አውትሪቺ የሚባለው ክፍያ ያለው ልምምድም ከ2013 ጀምሮ ለከርነሉ ሥራ ቦታ ሲሰጥ ቆይቷል።

ለጀማሪ የምመክረው ቦታ የዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም የማሽኑ ክፍሎች ዝርዝር፣ ኮድ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚዞረው ማክሮ እያንዳንዱን ኖድ ቆጥሮ ይይዝና ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ይለቃል። ዙሩን በመሃል በብሬክ ወይም በሪተርን ያቋረጠ ግን መልቀቁን ራሱ ማድረግ አለበት፤ በብዙ ድራይቨር ውስጥ ይህ ይረሳል። ግድፈቱ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን የቆጠራን፣ የክሽፈት መንገድንና የባለቤትነትን ትምህርት አንድ ላይ ይዟል። ኖዱ ከዙሩ በኋላ በሌላ ቦታ ተቀምጦ እየተጠቀሙበት ከሆነ መልቀቅ ስህተት ነው፤ ስለዚህ ፓቹን ከመጻፍ በፊት ፖይንተሩ የሚሄድበትን እስከ መጨረሻ መከተል ያስፈልጋል። በማብራሪያው ላይም «መሣሪያው ጠቆመኝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ማን ወሰደ፣ ማን መመለስ ነበረበት፣ ለምን ያ ሰው ነው የሚለው መጻፍ አለበት።

ከዚያ በታች «ፊክስስ» የሚለው መስመር ይመጣል፦ ግድፈቱን ያስገባው የቀድሞ ለውጥ የጊት (የኮዱ ታሪክ መዝገብ) መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ርዕሱ። ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል፣ ወይም በግምት ይሞላዋል። የቆዩ እትሞችን የሚጠብቁት ሰዎች ግን የትኞቹ እትሞች በግድፈቱ እንደተነኩ የሚለዩት በዋናነት በዚህ መስመር ነው። መስመሩ ከጎደለ ማስተካከያው አዲሱ እትም ላይ ሊቀር ይችላል፤ በትክክል ከተጻፈ ገና ድጋፍ ወዳላቸው የረጅም ጊዜ እትሞች ሊወርድ ይችላል፣ ከዚያም ስልክ ሠሪው ከተቀበለው ወደ ሻሸመኔም ይደርሳል።